ሠላሳ እርምጃ፣ ሁለት መቶ ገጽ

ጋሽ አብዶሽ የሞተ ዕለት ሰፈሩን ያስጨነቀው ሞቱ አልነበረም። ሰባውን አልፎ ነበር፣ ስኳርም ነበረበት፤ ሐኪሙም፣ ቤተሰቡም፣ እሱ ራሱም ሲጠብቁት ቆይተዋል። ያስጨነቀን ሞቱን ማን ይለፍፍ የሚለው ነው። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ፍየል ሲጠፋ፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ ክትባት ሲመጣ በድምፅ ማጉያ የሚለፍፈው እሱ ነበር፤ ድሮ በእግሩ፣ ኋላ በጋሪ፣ በስተመጨረሻ በባጃጅ። የማይተካ ሰው የለም የሚሉ ሰዎች በዚያ ጠዋት መጋላ አልነበሩም።

ሲቸግር ማይኩን ለሙክታር ሰጡት። ሙክታር የባጃጁ ሹፌር ነው፤ ስንት ዓመት ከፊት ተቀምጦ ሲሰማ ስለኖረ የሚያቅተው አልመሰለንም። ማይኩን ሲጨብጥ ግን አፉ ተሳሰረና፣ ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ የሚፈጸመውን ቀብር ከቀትሩ ዙህር በኋላ ብሎት አረፈው። ግማሹ ቀባሪ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለ መቃብር ቦታ ደረሰ፤ እዚያ ያገኘው ሁለት ቆፋሪዎችን ብቻ ነው። የድሬን የሰባት ሰዓት ፀሐይ ያየ ያውቀዋል። ወንዶቹ አንዲት ግራር ስር ተጨናንቀው የሟቹን ነገር እያነሱ ሲስቁ ዋሉ። እኛ ሴቶቹም ቤት ተቀምጠን ወሬው ሲደርሰን በነጠላና በሻሽ አፋችንን ይዘን ሳቅን።

እኔ ትዕግሥት እባላለሁ። ቀፊራ ገበያ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ መጥሪያ እጽፋለሁ። ልብ ወለድ የጻፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የጋሽ አብዶሽን። ሽማግሌውን "እሱ" እያልኩ ማውራቴ ቅር የሚለው አንባቢ ካለ ድሬን አያውቃትም ማለት ነው። እኛ ዘንድ አንቱ የሚባል ሰው ወይ በጠና ታሟል፣ ወይ ከአዲስ አበባ መጥቷል።

ጋሽ አብዶሽ ሲለፍፍ በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ይደግማል፣ በሱማሌኛ ያብራራል፣ የቀረውን በሐረሪ ይጨርሰዋል። አራቱንም የማይሰማ ቢኖር ፈረንጅ ነው፣ ለሱ ደግሞ በእጁ ያሳየዋል። ወረቀት ይዞ አያውቅም። የሟች ስም፣ የአባት ስም፣ የልጆች ስም፣ የቀብር ሰዓት አንዴ ከነገሩት በቃው። "ወረቀት የሰነፍ ራስ ነው" ይላል። አንድ ጊዜ የጤና ጣቢያ ሰዎች ስለ ወባ የሚነገር ሁለት ገጽ ጽሑፍ ሲሰጡት አጣጥፎ ለባጃጁ ወንበር ድጋፍ አደረገው፤ መልእክቱ ግን ደርሷል፤ ካላመናችሁ ያን ዓመት መጋላ ውስጥ አጎበር የሌለው ቤት ፈልጉ።

ከሁሉ የሚኮራው በጠፉ ልጆች ነበር። እናት እየጮኸች ስትመጣበት አይደነግጥም። መጀመሪያ "አልጋ ስር አይታችኋል?" ይላል። የድሬ ልጅ ሙቀት ሲብስበት ከአልጋ ስር ገብቶ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ይተኛል፤ ከጠፉት ልጆች ብዙዎቹ የሚገኙት እዚያው ነው። የቀሩት ደግሞ የማያውቁት ሰው ሠርግ ላይ ሩዝ ሲበሉ ወይም አክስታቸውን ሊጠይቁ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው መልካ ጀብዱ ወርደው ይገኛሉ። ልጁ ሲገኝ ጋሽ አብዶሽ ማይኩን አንስቶ "ያ ጀማዓ፣ ልጁ ተገኝቷል፣ እናቱ እንዳትመታው እኔ ቃል ገብቼለታለሁ፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ" ይላል። እናትየዋ ያን ሰምታ እንዴት ትመታዋለች?

ያልተገኘች አንዲት ልጅ አለች። ነጅማ ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሞሚና፣ እኛ በአክብሮት አዴ የምንላት፣ ቀፊራ ቅመም ትሸጣለች፤ አባቷ ኡመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቤታቸው ከጋሽ አብዶሽ ቤት ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት በር ላይ ልትጫወት ወጣችና አልተመለሰችም። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሰፈሩ ተነቅሎ ወጥቶ ደቻቱን፣ ደረቁን ወንዝ፣ ከላይ እስከ ታች አሸዋውን እየረገጠ ሲፈልግ ትዝ ይለኛል። ፖሊስ ፈለገ፣ ዘመድ እስከ ጅቡቲ ሄዶ ፈለገ፣ ምንም የለም። ኡመር በሦስተኛው ዓመት ሞተ፤ ሐኪሙ ልብ ነው አለ፣ ሰፈሩ ነጅማ ናት አለ። አዴ ሞሚና ለልጇ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ሞታለች ያላት የለምና። ዘመዶቿ እኛ ጋር ኑሪ ቢሏት "ልጄ የምታውቀው ይሄን በር ነው" ብላ ቀረች። የበሩን ቀለም እንኳ አልቀየረችም።

እንግዲህ ከአራት ዓመት በፊት ነው፣ ጋሽ አብዶሽ አራት ደብተር በፌስታል አንጠልጥሎ ሱቄ የገባው።

"ቲጂ፣ ልብ ወለድ ጽፌያለሁ" አለኝ። "የወንጀል ነው። ልጅ ትጠፋለች፣ ቤተሰብ ያዝናል፣ መርማሪ ይመጣል። አንቺ ትጽፊዋለሽ።"

"ወረቀት የሰነፍ ራስ ነው ስትል አልነበር?"

"ተይ አቦ፣ እሱ ለመለፈፍ ነው።"

የመጀመሪያውን ደብተር ገለጥኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "ዕድሜዋ ስድስት፣ መልኳ ጠይም፣ ቁመቷ ከበር እጀታ በታች የሆነች ነጃት የተባለች ልጅ በዛሬው ዕለት ከእንቅልፏ ተነሣች።" ነጅማን ነጃት ያላት እንዳይታወቅ ነው። እናትየዋንም ለዚሁ ሲል ከሞሚና ወደ አሚና ለውጧታል፤ ቅመም መሸጧንና የበሯን ቀለም ግን አልነካም። ታሪኩ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ዕድሜው፣ ቁመቱና የለበሰው ልብስ ሳይነገር እግሩን አያነሣም። ከአዲስ አበባ የመጣው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር በላቸው፣ "ዕድሜው ሃምሳ፣ ራሱ በራ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ" ተብሎ ሲገባ ሥራዬን አቆምኩ።

"ጋሽ አብዶሽ፣ ይሄ ሰውዬም ጠፍቷል እንዴ?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያ ምልክቱን ምን አስዘረዘረህ?"

ትንሽ አሰበና "ቢጠፋስ?" አለኝ።

የኢንስፔክተሩ ነገር ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። በካፖርት ድሬ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። ምርመራውን ሊጀምር በስድስት ሰዓት ሲወጣ ከተማው ተዘጋግቶ ጠበቀው፤ ምስክር ሊጠይቅ በር ሲያንኳኳ "አሥር ሰዓት ላይ ና" ይሉታል። በሦስተኛው ቀን አንድ ምስክር አዘነለትና በርጫ ላይ ጋበዘው። ከዚያ ወዲያ ኢንስፔክተሩ ለአሥራ አንድ ገጽ ያህል ትራስ ተደግፎ ጫት እየቃመ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ትዳር ሲያወራ ልጅቷን ረሳት። "ይሄ ይውጣ" ስለው ጋሽ አብዶሽ ተቆጣኝ። "እውነቱ ነው፣ ወላሂ። እዚህ ከተማ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ወንጀል አይመረመርም" አለ።

በየሳምንቱ እሱ እየጠየቀኝ ማንን እንደምጠረጥር እናገራለሁ። ጋሪ ነጂውን ስል ይስቃል፤ አጎቷን ስል ራሱን ይነቀንቃል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ አህመዶሽ ማይክ የሚባል ለፋፊ ብቅ አለ። ኢንስፔክተሩ ካፖርቱን አውልቆ ተነሣና፣ ልጅቷ ያልተገኘችው በዚህ ሰው ምክንያት መሆኑን ደረሰበት። እናትየዋ "ቢጫ ቀሚስ" ብላ ነግራው ሳለ እሱ ከተማውን ሁሉ "ቀይ ቀሚስ" እያለ አስፈልጓል።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ዞሬ አየሁት። ፎቶ ኮፒው ማሽን ላይ ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

የእውነቱን ያኔ ነገረኝ፦ ነጅማ የጠፋች ዕለት ጠዋት ሌላ ልጅም ጠፍታ ነበር፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፤ እሷ ወዲያው አልጋ ስር ተገኘች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አዴ ሞሚና መጣችበት። ሰማት፣ እንደ ልማዱ ወረቀት አልያዘም፣ ማይኩን አንስቶ ቀይ አለ። መሳሳቱን ያወቀው አሥር ሰዓት ላይ ኡመር እያለቀሰ ስለ ቢጫው ቀሚስ ሲያወራ ነው። ተሳስቻለሁ ሳይል ሮጦ ቢጫ ብሎ ለፈፈ። "ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ቲጂ" አለኝ። "መነኸሪያ ያለች ሙዝ ሻጭ ማታ አግኝታኝ፣ ቢጫ ለባሽ ልጅ ጠዋት አይቼ ነበር፣ የምትፈልጉት ግን ቀይ ነው ብዬ ተውኩት አለችኝ።" ለፖሊስ ሙዝ ሻጯ ያየችውን ተናግሯል። ለምን ቀኑን ሙሉ ዝም እንዳለች ግን አልተናገረም።

"ለአዴ ሞሚናስ?"

የተከፈተውን ደብተር ዘጋው። ሠላሳ እርምጃ ሄዶ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቶት ነው ሁለት መቶ ገጽ የጻፈው። በየቀኑ ሰላም ይላታል፣ በዒድ ይጠይቃታል፣ ኡመርን ቀብሯል። ያቺን አንዲት ነገር ግን አራት ቋንቋ ችሎ በአንዱም ሊላት አልቻለም። ያን ዕለት አዘንኩለት፣ ደግሞም በጣም ተናደድኩበት። "ዛሬ ሂድና ንገራት" አልኩት። እሺ ብሎ ወጣ።

በማግስቱ አሥረኛውን ምዕራፍ ይዞ መጣ። በሯ ድረስ ሄዶ ከሙን አስመዝኖ ተመልሷል። በሌላ ሳምንት ላክሁት፤ እርድ ገዝቶ ከአሥራ አንደኛው ጋር መጣ። በሄደ ቁጥር ቅመምና አንድ ምዕራፍ ይዞ ይመለሳል፤ በየምዕራፉም የአህመዶሽ ማይክ ክፋት ይጨምራል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ፊቱ ላይ ጠባሳ በቀለ። አሥራ አራተኛው ላይ የገዛ እናቱን እንደሚመታ ታወቀ። አሥራ አምስተኛው ላይ ቀፊራ አደባባይ ላይ በስቅላት እንዲቀጣ ተፈረደበት።

"ለቀሚስ ቀለም ስቅላት?" አልኩት።

"ታዲያ ስንት ዓመት ይበቃል?" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

በመጨረሻ መላ ያልነውን መታን። አዴ ሞሚና ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነብላታለሁ፣ እሱ እዚያው ይሆናል፣ መጽሐፉ ይናገርለታል። አንድ የምሳ ሰዓት ላይ መንገዱ ጭር ሲል ወደ ሱቄ ጠራኋት። ቬንትሌተሩን ወደሷ አዞርኩላት። ጋሽ አብዶሽ፣ ድምፁ ከቀፊራ እስከ አሸዋ ገበያ የሚሰማው ሰውዬ፣ ከፎቶ ኮፒው ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይቁለጨለጫል።

"መጽሐፍ ጻፍክ አሉኝ" አለችው አዴ ሞሚና። "ስለ ልጄ ነው?"

"ነጃት ነው ስሟ" አላት።

"ስለ ልጄ ነው?"

"አዎ።"

"ከገደልካት አልቀመጥም።"

"አልገደልኳትም፣ ወላሂ።"

ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ አድማጭ ገጥሞኝ አያውቅም። ነጃት ቁርሷን ገንፎ በላች ስል "ልጄ ገንፎ አትነካም፣ ሻይ በዳቦ ነው፣ ዳቦውን ነክራ ነክራ ሻዩን ለኔ ትተወዋለች" አለች። ጻፍኩ። ጸጉሯን ዝም ብላ ተሠራች ስል "ማ? ነጅማ ዝም ብላ ጸጉሯን የተሠራችበት ቀን የለም፣ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ነው የምታመልጠኝ" አለች። ጻፍኩ። ኢንስፔክተር በላቸው ሲመጣ ትንሽ ታገሠችውና በርጫው ላይ ስንደርስ "ይሄ ፖሊስ ለምን ወደ አገሩ አይሄድም?" አለች። ጋሽ አብዶሽ ከማሽኑ ጀርባ "አልኩሽ፣ ከስድስት እስከ አሥር..." ሲል "አንተ ዝም በል" አለችው።

ዘጠነኛው ምዕራፍ ደረስኩ።  አህመዶሽ ማይክን አነበብኩ፣ ቢጫውን አነበብኩ፣ ቀዩን አነበብኩ፣ ሙዝ ሻጯንም አነበብኩ። አዴ ሞሚና አላቋረጠችኝም። ከማሽኑ ጀርባ የታፈነ ልቅሶ ተሰማ። ሽማግሌ ሲያለቅስ መስማት እንዴት እንደሚያስጨንቅ የሰማው ያውቃል።

አዴ ሞሚና ወደ ማሽኑ ዞረችና "አብዶሽ" አለች። "ቀይ ነው ያልኩህ እኮ እኔ ነኝ።"

ብድግ አለ። "ቢጫ ነው ያልሽኝ።"

"ቀይ ነው ያልኩህ። ደንግጬ ነበር፣ የምለውን አላውቅም ነበር። አንተ የሰማኸውን ተናገርክ።"

"ሞሚና፣ እኔ የሰማሁትን አልረሳም። አንዴ ከነገሩኝ..."

"ልጄን ስትወጣ ያየኋት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" ቆጣ አለች። "ይሄን ሰውዬ ከገመዱ አውርደው። ጠባሳውንም አጥፋለት።"

ጋሽ አብዶሽ ያን ዕለት ከሱቄ ሲወጣ ትከሻው ተስተካክሎ ነበር። መጽሐፉ ግን ተበላሸ። የወንጀል ልብ ወለዱ ወንጀለኛ አጣ። ጋሪ ነጂውን አሰበ፣ ራራለት። አጎቷን አሰበ፣ የሚያውቀው ሰው መሰለውና ተወው። አንድ ሳምንት ሙሉ ኢንስፔክተሩ ራሱ ይሁን ብሎ ነበር፤ ካፖርቱ እንደሚያጠራጥር ሁለታችንም ተስማማን፣ ልጅቷ ስትጠፋ አዲስ አበባ እንደነበር ትዝ አለንና ቀረ።

በዚህ መሀል አዴ ሞሚና በየሳምንቱ መምጣት ጀመረች። አንድ ነገር ትዝ ይላታል፣ ትነግረናለች፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ እንጨምረዋለን። ነጃት ጫማዋን ትፈልጋለች፣ አንደኛው ድመቷ ዘንድ ነው። በር ትደርስና ውሃ ጠማኝ ብላ ትመለሳለች። አባቷን የመኪናውን ጡሩንባ እንዲያሰማት ትለምነዋለች። ጋሽ አብዶሽም ከራሱ ይጨምራል፤ ጎረቤት አይደል፣ ልጅቷ ማይኩን እየነጠቀች ስሟን ትጮህበት እንደነበር የነገረን ያኔ ነው። ጠዋቷ ሠላሳ ገጽ ሆነ፣ ስልሳ ሆነ፣ ከመቶ አለፈ። ኢንስፔክተር በላቸው ባቡር ጣቢያ ቆሞ ቀረ።

"ጋሽ አብዶሽ፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትወጣው?" አልኩት አንድ ቀን። "ካልወጣች እኮ አትጠፋም፣ ካልጠፋች ወንጀል የለም።"

"አቦ፣ ምን አስቸኮለሽ?" አለኝ።

እሱ ሲሞት ነጃት ገና ከቤት አልወጣችም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይታ አዴ ሞሚና ሱቄ መጣች። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በወረቀት አውጪልኝ አለች፤ ሌላው አያስፈልጋትም። የወንድሟ ልጅ ማታ ማታ እንድታነብላት ነው። ማተሚያው ገጹን አንድ በአንድ ሲተፋ ቁጭ ብለን እናየው ነበር። ለሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጠየቅኋት።

"አዴ፣ እውነት ቀይ ነበር ያልሽው?"

ወደ በሩ አየች፤ ማንም የለም።

"ቢጫ ነው ያልኩት" አለች። "ማይኩ ቀይ ሲል ፖሊስ ጣቢያ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ጮኼ ነበር፣ ማን ይስማኝ፣ ማይኩ ያለው እሱ ጋ ነው።"

"አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር?"

"እስኪነግረኝ ነበር የምጠብቀው። የምለውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ ቅመም ስወቅጥ፣ ስሰግድ፣ ስተኛ እሱኑ ነው የማዘጋጀው። ከሙን ገዝቶ በሄደ ቁጥር ነገም ይመጣል እላለሁ።" የወጡትን ወረቀቶች ሰብስባ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። "በመጨረሻ ሲመጣ ከማሽን ጀርባ ተደብቆ የሚያለቅስ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ያን ሁሉ ነገር ለማን ልበለው?"